ሰቅጣጭ ምስል የሚያጣሩና ከመስክ የሚመለሱ ባልደረቦችን እንዴት እንጠብቅ?

ማታ_ዴስክ

ጤና ይስጥልን። አንድ የዜና ክፍል አለ እንበል። ስምንት ሰው ያለበት የቪዲዮ ማጣሪያ ዴስክ፣ ወደ ግጭትና አደጋ ቦታ የሚላኩ ዘጋቢዎችና የካሜራ ባለሙያዎች፣ ከሩቅ ሆነው የሚሠሩ ፍሪላንሰሮች አሉበት። የማጣሪያው ዴስክ ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚገባውን የፍንዳታ፣ የግድያና የአስከሬን ምስል በየፈረቃው ያያል። እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ ከሥራ መቅረት እየበዛ ነው። አስተዳደሩ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለግማሽ ቀን መጥቶ ሁሉንም በአንድ ክፍል ሰብስቦ «ያያችሁትን አውጡት» እንዲላቸው። ይህ ይጠቅማል? ካልጠቀመስ በምትኩ ምን ይደረግ? «ራሳችሁን ጠብቁ» የሚል ምክር በየቦታው አለ። እኔ የምፈልገው ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ሊውል የሚችለውን ነው።

አእምሮ_ጤና

ከግማሽ ቀኑ ስብሰባ ልጀምር፤ እንዲቀር ቢያደርጉ እመክራለሁ። ሰዎችን ከአደጋ በኋላ ሰብስቦ የሆነውን በዝርዝር እንዲተርኩ ማድረግ ዲብሪፊንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ጄፍሪ ሚቸል ለድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ብሎ ካቀረበው ወዲህ በሰፊው ተሠራበት። በኋላ ንጽጽራዊ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ የአንድ ጊዜ ዲብሪፊንግ ፒቲኤስዲን (ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣ፣ በራሱ የማይለቅ የአእምሮ ሕመም) እንደማይከላከል ታየ፤ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ጥናቶች የተካፈሉት ካልተካፈሉት ብሰው ተገኝተዋል። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ናይስ እ.ኤ.አ. በ2005ም ሆነ በ2018 ባወጣው መመሪያ እንዳይሰጥ ይላል። ገና ልቡ ያልተረጋጋ ሰው ዝርዝሩን በግድ ሲደግም ድንጋጤው እንደ አዲስ ይነሣበታል። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባም ያላየውን ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አይነጋገሩ ማለቴ ግን አይደለም። ሥራው እንዴት ሄደ፣ ምን ጎደለ፣ በሚቀጥለው ምን ይስተካከል የሚለው የሥራ ግምገማ ይደረግ። ለሚያምነው ሰው በፈቃዱ ማውራት የፈለገም ያውራ። ጎጂው ማስገደዱና የአንድ ቀን ነገር አድርጎ መዝጋቱ ነው።

ቀጥሎ የጊዜው ነገር። ከባድ ነገር ያየ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢቃዥ፣ በድምፅ ቢባንን፣ ምስሉ ድንገት ዓይኑ ላይ ቢመጣበት፣ ምግብ ባይወርድለት፣ ቢነጫነጭ ይህ በሽታ አይደለም። በብዙው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ምልክቶቹ አንድ ወር አልፈው ሥራንና ኑሮን ማወካቸውን ከቀጠሉ ግን ፒቲኤስዲ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ማየት አለበት። ስለዚህ ክትትሉ ሰው «ደህና ነኝ» ባለበት ቀን አያልቅም። ቢያንስ በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ በአንድ ወርና በሦስት ወር ላይ በቀጠሮ መታየት አለበት፤ ቀጠሮውም ሥራው ሲመደብ አብሮ ካሌንደር ላይ ይግባ። «ሲያስፈልግ እንደውላለን» ከተባለ ማንም አይደውልም።

ምልክቶቹ አራት ወገን አላቸው፦ ትዝታው ያለ ፈቃድ መመለሱ፣ ያን የሚያስታውሰውን መሸሽ፣ ስሜትና አመለካከት መጨለም (ራስን መውቀስ፣ መደንዘዝ፣ ከሰው መራቅ)፣ እና ሰውነት ሁልጊዜ ዘብ እንደቆመ መኖሩ። አርታኢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጣቸው ሁለተኛው ነው፤ መሸሽ ስንፍና ይመስላል። ስልክ የማያነሣ፣ አንድ ዓይነት ታሪክ ሲመጣ ሁልጊዜ ሰበብ የሚያገኝ፣ ቀነ ገደብ ማሳለፍ የጀመረ ጎበዝ ዘጋቢ ከመገሠጹ በፊት ሊጠየቅ ይገባል። ተቃራኒውም አለ። ዕረፍት አልወስድም የሚል፣ ሌላ ሰው ሲተካው የሚቆጣ፣ ቤቱ ሆኖም ያንኑ ምስል ሲፈልግ የሚያድር ሰው ትጉህ ይባላል እንጂ ተጎድቷል አይባልም።

ምስል_አጣሪ

«ቢሮ ተቀምጦ በስክሪን ማየት እንዴት ይጎዳል?» ለሚል አለቃ ሁለት ነገር ይነገረው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ በስክሪን የታየን ነገር ለፒቲኤስዲ መነሻ አድርጎ አይቆጥረውም፤ የሥራ ግዴታ ከሆነ ግን ይቆጥረዋል። ከዚያ ቀጥሎ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የሥነ አእምሮ ሐኪም አንቶኒ ፋይንስታይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በሦስት የዜና ክፍሎች 116 ጋዜጠኞችን አጥንተዋል። ከሕዝብ የሚላክ የጭካኔ ምስል የሚያዩ ነበሩ። ከጭንቀት፣ ከድባቴና ከፒቲኤስዲ ምልክቶች ጋር ይበልጥ የተያያዘው በአንድ ፈረቃ የታየው ሰዓት ርዝመት ሳይሆን ድግግሞሹ ነው።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ስለ ፈረቃ አደላደል ነው። «ለሁሉም ትንሽ ትንሽ፣ በየቀኑ» ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን ማንም ሰው ከምስሉ የተላቀቀ ቀን አይኖረውም ማለት ነው። ይልቅ በሳምንት ሁለት ቀን ከባዱን ምስል የሚያይ፣ ሌሎቹን ቀናት ካርታ፣ የሳተላይት ምስል፣ የጽሑፍ ማጣራት፣ የመለያ ገጾች ታሪክ የሚሠራ አድርጎ መደልደል ይሻላል። ስምንት ሰው ካለ ይህ ይቻላል።

አሁን ወደ ስክሪኑ። መጀመሪያ ድምፅ ይዘጋ። ጩኸት፣ ልመና፣ የልጅ ለቅሶ ከምስሉ ይልቅ አእምሮ ውስጥ ይቀራል፤ ማጣራት ከሚያስፈልጉን ነገሮች ደግሞ አብዛኞቹ (ቦታ፣ ጥላ፣ ሕንጻ፣ የመኪና ሰሌዳ) ድምፅ አይፈልጉም። ቋንቋ ወይም የተኩስ ድምፅ ማረጋገጥ ከተፈለገ ምስሉ በሌላ ነገር ተሸፍኖ ድምፁ ብቻ ይሰማ። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ የሚያስፈልገው ጊዜ ጥቂት ነው። ቀጥሎ በሁሉም የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያና በውስጥ መልእክት መላላኪያው ላይ ቪዲዮ በራሱ መጫወቱ ይጥፋ። የፎልደሩ አከፋፈት ከትንንሽ ምስሎች ወደ ስም ዝርዝር ይቀየር፤ አለበለዚያ አንድ ፋይል ፍለጋ የገባ ሰው ሃያ አስከሬን ሳይዘጋጅ ያያል።

መስኮቱ ከስክሪኑ ሩብ አይበልጥ፣ ብርሃኑ ይቀነስ፣ ቀለሙ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጥ። ቪዲዮውን ከማጫወት በፊት በጊዜ መስመሩ ላይ ጠቋሚውን እየጎተቱ ከባዱ ክፍል የት እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ መለየት ይቻላል። ቦታ ለመለየት ምስሉ ላይ ረጅም ሰዓት መቆየት ከተፈለገ ፊቱ ወይም ቁስሉ ያለበት ቦታ ተቆርጦ ይውጣ፤ ጊዜ ከሌለ ቁራጭ ወረቀት ስክሪኑ ላይ መለጠፍም ይሠራል። የምናጣራው ከኋላ ያለውን ግድግዳ ነው። የተጎጂውን ፊት ለአንድ ሰዓት ማየት ለማጣራቱ ምንም አይጨምርም።

ትልቁ ብክነት ድርብ እይታ ነው። አንዱ ያጣራውን ሌላው እንደገና ይከፍታል፣ አርታኢው ይከፍታል፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ክፍሉም ይከፍታል። ይህን የሚያስቀር መዝገብ ይኑር፦ ማን አየው፣ መቼ፣ ምን ተረጋገጠ፣ ከባዱ ክፍል ከስንተኛው ሰከንድ እስከ ስንተኛው እንደሆነ፣ ለማስረጃ የሚበቃ ንጹሕ ቅጂ የት እንዳለ። የፋይሉ ስም ራሱ ይናገር፤ ለምሳሌ «ሰቅጣጭ፣ አስከሬን፣ ሕፃናት አሉ፣ ከ0፡42 እስከ 1፡10»። ሲላክም ምስሉ በመልእክቱ ውስጥ አይለጠፍ። ማስጠንቀቂያው በርእሱ ላይ ይጻፍ፣ ሊንኩ ከታች ይሁን። ያልጠበቁት ምስል ከጠበቁት ይልቅ ይጎዳል፤ ማስጠንቀቂያ ማለት ተቀባዩ ለመዘጋጀት ወይም ላለመክፈት የሚያገኘው ሁለት ሰከንድ ነው።

የስክሪኖቹ አቀማመጥም ይታይ። ሻይ ይዞ የሚያልፈው የሒሳብ ሠራተኛ ማየት የለበትም፤ ስክሪኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዙር።

ነባር_ሪፖርተር

ምክሩ ጥሩ ነው። አንድ ስጋት ግን አለኝ። ለእያንዳንዱ ቅዠት ስም ከሰጠነው ወጣቶቹ ገና ሳይጀምሩ ራሳቸውን ሕመምተኛ አድርገው ያያሉ። ከዚያም በላይ፣ «ከብዶኛል» ያለ ሰው ከትልልቅ ሥራዎች ቀስ ተብሎ ይገለላል። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አይናገርም። መዝገብና ቀጠሮ ስታበዙ ዝምታውን እንዳታጠብቁት።

አእምሮ_ጤና

ስጋትዎ ትክክል ነው፤ በቁጥርም ላስደግፈው። ፋይንስታይን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት 140 የጦርነት ዘጋቢዎች ነበሩበት። በሕይወት ዘመናቸው በአንድ ወቅት ፒቲኤስዲ የነበረባቸው 28.6 በመቶ፣ ከባድ ድባቴ የነበረባቸው 21.4 በመቶ ናቸው። ይህ ከጠቅላላው ሕዝብ እጅግ የበለጠ ነው። በሌላ በኩል ለዓመታት ጦርነት ሲዘግቡ ከኖሩት ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሆኑት ፒቲኤስዲ አልያዛቸውም። ለወጣቶቹ ሁለቱንም አብረን እንንገራቸው።

የመገለሉን ነገር በሚመለከት ደንቡ በጽሑፍ ይስፈር፦ «ይህን ሥራ አልወስድም» ያለ ሰው ምክንያት አይጠየቅም፣ ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ሥራም እንደ ሌላው ሁሉ ይጠየቃል። ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው አያንስም። ለአንድ ሳምንት ማረፍ የፈለገን ሰው ለአንድ ዓመት «አሳርፎ» ማስቀረት ቅጣት ነው፤ ባልደረቦቹም ያንን አይተው አፋቸውን ይዘጋሉ።

የመስክ_አስተባባሪ

ስለ መስክ ሥራ ልጨምር፤ ብዙው ነገር ሰውየው ሳይወጣ ነው የሚወሰነው።

ከመነሣቱ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ለብቻ ንግግር ይደረግ። ምን ሊያይ እንደሚችል በግልጽ ይነገረው። አሁን ያለበት ሁኔታ ይጠየቅ፦ ቅርብ ሰው ሞቶበታል? ከሌላ ከባድ ቦታ መቼ ተመለሰ? እንቅልፉስ? አራስ ልጅ ቤቱ ትቶ የሚሄድ ሰው የሕፃናት ክፍል ከመዘገብ ሌላ ነገር ቢመደብ ይሻላል። ሲታመም፣ ሲታሰር ወይም ግንኙነቱ ሲቋረጥ ለቤተሰቡ የሚደውለው ሰው ማን እንደሆነ ስሙና ስልኩ ተጽፎ ይሰጥ። የሚመለስበት ቀን ይቆረጥ። «ነገሩ እስኪያልቅ» የሚባል ምድብ ሰውን ይጨርሳል፤ ከተቆረጠው ቀን በላይ መቆየት ሲያስፈልግ ተተኪ ይላክ።

ሥራው ላይ እያለ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ይገናኝ። አምስት ፕሮግራም አምስት ጊዜ ሲደውልለት የሚበላበትና የሚተኛበት ሰዓት ይጠፋል፤ ከአደጋው ይልቅ ይህ የሚያደክማቸው ብዙ ናቸው። በቀን ሁለት ቋሚ የስልክ ሰዓት ይኑር። ከሁለቱ አንዱ ስለ ዜናው ጨርሶ አይነሣበት። የመጀመሪያው ጥያቄ «በልተሃል? ስንት ሰዓት ተኛህ?» ይሁን። በተከታታይ ሁለት ሌሊት ከአራት ሰዓት በታች የተኛ ሰው የፍርድ አቅሙ ስለሚቀንስ አደጋ ውስጥ የመግባቱ ዕድል ይጨምራል፤ ስለዚህ ግማሽ ቀን እንዲተኛ ማዘዝ የደኅንነት ውሳኔ ነው።

ሲመለስ በማግስቱ ቢሮ አይጠራ። የወጪ ደረሰኝ በመጀመሪያው ሳምንት አይጠየቅ (ይህን የምለው የተመለሰውን ሰው የሚያስቆጣው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የቢሮ መልእክት ስለ ደረሰኝ መሆኑ ስለሚታወቅ ነው)። አርታኢው ራሱ ይደውል፣ ሥራው ምን እንዳስገኘ በዝርዝር ይንገረው፦ ይህ ዘገባ ይህን አመጣ፣ ያ ፎቶ እዚህ ታየ ብሎ። ያየው መከራ ከንቱ አለመቅረቱን ማወቁ ከምስጋና በላይ ይረዳዋል።

ሾፌርና አስተርጓሚ አይረሱ። ዘጋቢው ይመለሳል፣ እነሱ እዚያው ይቀራሉ። አስተርጓሚው የተጎጂዋን ቃል «እኔ» ብሎ ነው የሚናገረው፤ እሷ የደረሰባትን በራሱ አፍ ይለዋል። የሦስተኛው ቀንና የአንድ ወሩ ስልክ ለእነሱም ይደወል፣ ዕረፍታቸውም የሥራ ቀን ሆኖ ይከፈል።

ማታ_ዴስክ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። በሦስተኛው ቀን የሚደውለው ወይም የሚያነጋግረው ማን ይሁን? አለቃው ከሆነ እውነቱን አይነግሩትም። ደግሞስ ምን ብሎ ይጀምራል?

ባልደረባ_ድጋፍ

አለቃው አይሁን። ለዚህ የተዘረጋ አሠራር አለ፤ ትሪም ይባላል። የተጀመረው በብሪታንያ የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ውስጥ ሲሆን ቢቢሲም ለጋዜጠኞቹ ተጠቅሞበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከሠራተኞቹ መካከል ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ሰዎች ይሠለጥናሉ። ክስተቱ ካለፈ ከ72 ሰዓት ገደማ በኋላ ባልደረባቸውን ለብቻው ያነጋግራሉ፦ ከክስተቱ በፊት ምን ነበር፣ በወቅቱ ምን ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ እንዴት ነው። በንግግሩ ውስጥ 10 የስጋት ነጥቦችን በልባቸው ይዘው እያንዳንዱን ከ0 እስከ 2 ይመዝናሉ፦ ሊሞት እንደሆነ ተሰምቶት ነበር? ራሱን ይወቅሳል? እፍረት አለበት? መጠጥ ጨምሯል? የሚደግፈው ሰው አለ? የመሳሰሉት። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ያው ንግግር ይደገማል። የሚታየው ልዩነቱ ነው። ቁጥሩ ከወረደ ተፈጥሯዊ ማገገም እየሄደ ነው፤ ከቆመ ወይም ከጨመረ ወደ ባለሙያ ይመራል። አነጋጋሪው ሕክምና አይሰጥም፣ ስሜቱን አይመረምርም። ሥራው ማዳመጥ፣ መመዘንና መምራት ነው።

ሰው ሲመረጥ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ አስተዳደሩ ጨዋታ አዋቂውን ወይም የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊውን ይመርጣል። ሠራተኞቹ ራሳቸው በምስጢር «ችግር ቢደርስባችሁ ለማን ትነግራላችሁ?» ተብለው ይጠየቁ፤ ስሙ የሚደጋገመው ሰው ነው ትክክለኛው። ከእያንዳንዱ ዴስክ ቢያንስ ሁለት ሰው ይኑር፤ አንድ ብቻ ከሆነ ያ ሰው ራሱ ተጎጂ በሆነ ቀን ማንም የለም። ማስታወሻው የሰው ኃይል ፋይል ውስጥ አይገባም። ምስጢሩ የሚወጣበት ሁኔታ (ራሱን ወይም ሌላን ሊጎዳ ሲል) ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ይነገራል።

አነጋገሩን በሚመለከት «ደህና ነህ?» አይጠየቅ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው። የተወሰነ ነገር ይጠየቅ። «ከተመለስሽ ወዲህ እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» «ከዚያ ቀን ደጋግሞ የሚመጣብህ ነገር አለ? ምን እንደሆነ መናገር የለብህም።» ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ወሳኝ ናት። መወገድ ያለባቸው ደግሞ፦ «ከዚህ የባሰም አለ»፣ «አንተ እኮ ጠንካራ ነህ»፣ «እግዜር ይመስገን ተርፈሻል»። ሦስቱም ደግነት አላቸው፤ ግን ሦስቱም ንግግሩን ይዘጉታል። ዝም ካለ ዝምታውን ታገሡ፤ ለመሙላት አትቸኩሉ።

ነፃ_ዘጋቢ

ስለ ፍሪላንሰር ማንም አልጨመረም፤ ይህ ሁሉ ጥበቃ የሚደርሰው ደመወዝ መዝገብ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። ፍሪላንሰር ካልሠራ አይከፈለውም፤ ስለዚህ «ከብዶኛል» ማለት ኪሳራ ነው። ውል ሲፈረም የሚከተሉት ይካተቱ፦ ከከባድ ምድብ በኋላ የሚከፈል ዕረፍት (ለአንድ ሳምንት ሥራ ሁለት ቀን ብል አልተጋነነም)፣ ለተወሰነ ጊዜ የምክር አገልግሎት ወጪ፣ ራሱ ሳያየውም ቢሆን እንዲልክ የሚገደደው ጥሬ ምስል በማን እንደሚታይ፣ አደጋ ሲኖር ሥራውን አቋርጦ የመውጣት መብት ከሙሉ ክፍያ ጋር። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተው ኤኮስ አሊያንስ የዜና ድርጅቶች ለፍሪላንሰሮች ሊያከብሯቸው የሚገቡ የደኅንነት መርሆዎችን ይዞ የቆመ ጥምረት ነው። ከድርጅት ጋር ስትደራደሩ «መርሆዎቹን ተቀብላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ቀላል መነሻ ነው። በአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት የቆየው ዳርት ማዕከልም ስለ ጋዜጠኝነትና ትራውማ (ከባድ ክስተት የሚያደርሰው የአእምሮ ጉዳት) ያወጣቸው የሥራ መመሪያዎች በነፃ ይገኛሉ።

ሕግ_ዴስክ

አስተዳደሩን ገንዘብ ብቻ የሚያሳምነው ከሆነ ይህ ይነገረው። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ካውንቲ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ዘ ኤጅ የተባለው ጋዜጣ ለአንዲት የቀድሞ የወንጀል ዘጋቢ 180,000 የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍል ወስኗል። ጋዜጠኛዋ ለዓመታት ግድያና አደጋ ስትዘግብ ቆይታ መጎዳቷን ተናግራ ወደ ሌላ ዴስክ ከተዛወረች በኋላ መልሰው ፍርድ ቤት እንድትዘግብ መደቧት። ስሟ በፍርዱ ላይ አልተገለጸም። ጋዜጣው ይግባኝ ብሎ አልተሳካለትም። ከጉዳዩ የሚወሰደው ነገር አሠሪው ጉዳቱን አስቀድሞ ማወቅ ይችል ነበር የሚለው ነው። ሠራተኛው አንድ ጊዜ ከተናገረ በኋላ «አላወቅንም» ማለት አይቻልም። ስለዚህ መናገር ቀላል እንዲሆን ማድረግና የተነገረውን መዝግቦ እርምጃ መውሰድ ለድርጅቱም መከላከያ ነው።

ባልደረባ_ድጋፍ

ከምስልና ከመስክ ውጭ አንድ ምንጭ ተዘሏል፦ የኢንተርኔት ስድብና ዛቻ። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 ባካሄዱት መጠይቅ ከመለሱት ሴት ጋዜጠኞች 73 በመቶው በሥራቸው ምክንያት የኢንተርኔት ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ 20 በመቶው ደግሞ ከኢንተርኔት ውጭም ከዚያው ጋር የተያያዘ ጥቃት ደርሶባቸዋል። «ስልክሽን ዝጊ» ማለት መፍትሔ አይሆንም፤ ዛቻው ውስጥ የቤት አድራሻ ይኖር ይሆን የሚለው ጭንቀት ስልኩን መልሶ ያስከፍታል። የሚሠራው መለያውን ለሚታመን ባልደረባ ማስረከብ ነው። እሱ ያነባል፣ ዛቻ ያለበትን ከነቀኑና ከነሊንኩ በምስል ይይዛል፣ ሌላውን ያግዳል፣ በቀን አንድ ጊዜ «አድራሻ የሚጠቅስ የለም» ወይም «አንድ አለ፣ ለደኅንነት ክፍል ተልኳል» ብሎ ይነግራታል። ጽሑፎቹን በቃል አይደግምላትም።

ነባር_ሪፖርተር

አንድ ነገር እኔም ልጨምር። ዘጋቢን ለዓመታት የሚከተለው ሁልጊዜ ፍርሃት አይደለም። «ካሜራ ይዤ ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ»፣ «ቃሏን ወስጄ ሄድኩ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች አላውቅም» የሚለው ነው። የኅሊና ቁስል ልትሉት ትችላላችሁ። ለዚህ የትንፋሽ ልምምድ ብቻ አይበቃም። ቀድሞ መወሰን ይረዳል፦ የቆሰለ ሰው ፊታችን ሲወድቅ ቡድኑ ምን ያደርጋል? ከመካከላችን የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነው ማን ነው? መቼ ነው ካሜራው የሚወርደው? ይህ በመኪና ውስጥ ሳይደረስ የተነጋገሩበት ከሆነ ሰውየው በኋላ ራሱን የሚከስበት ነገር ይቀንሳል። ተጎጂዎችን ስታነጋግሩም ዘገባው መቼ እንደሚወጣ ንገሯቸው፣ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ ደውሉ። ያ ስልክ ለእነሱ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው።

ማታ_ዴስክ

የመጨረሻ ጥያቄ፣ በተለይ ለአእምሮ_ጤና። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ዴስኩ ላይ ሁለት ሰው ብቻ አለ፣ አንዱ ቪዲዮ ሲያይ ደርቆ ቀረ ወይም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሌላው ምን ያድርግ?

አእምሮ_ጤና

መጀመሪያ ስክሪኑን ያጥፋ፤ ሰውየውን አይጎትት፣ ሳያስፈቅድ አይንካ። ከፊት ለፊቱ ሆኖ በስሙ ይጥራው፣ ያለበትን ቦታና ሰዓት ይንገረው፦ «ቢሮ ነው ያለኸው፣ ሌሊት ነው፣ እኔ አጠገብህ ነኝ»። እግሩን ወለሉ ላይ አጥብቆ እንዲያሳርፍ ይጠይቀው። አምስት የሚያያቸውን ነገሮች ስማቸውን እንዲጠራ፣ ከዚያ አራት የሚዳስሳቸውን፣ ሦስት የሚሰማቸውን ድምፆች። ትንፋሽ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ለሦስት ለአራት ደቂቃ። ማስወጫው ከማስገቢያው ይረዝማል። «በጥልቀት ተንፍስ» ብሎ ማስቸኮል ግን ማዞርና የጣት መደንዘዝ ያመጣል፤ ሰውየው ያን ጊዜ የባሰ ይደነግጣል።

ሲረጋጋ ውኃ ይጠጣ፣ ከክፍሉ ይውጣ፣ ምን እንዳየ አይጠየቅ። በዚያ ፈረቃ ወደ ምስል አይመለስ፤ ብቻውን መኪና እየነዳም ወደ ቤቱ አይሂድ። «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የመሰለ ቃል ካወጣ በቀጥታ ይጠየቅ፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብሎ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይተው፣ ድንገተኛ የሕክምና እርዳታ ይጠራ።

እንቅልፍ ለማምጣት መጠጥ አይረዳም፤ ቶሎ ያስተኛና ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። በሰው እጅ የተገኘ የማረጋጊያ ክኒንም አይወሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ቤንዞዲያዜፒን የተባሉት መድኃኒቶች ከአደጋው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለድንጋጤ ምልክቶችም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣት ለአዋቂዎች እንዳይሰጡ መክሯል። ምልክቱ ወር ካለፈው የተረጋገጠ ሕክምና አለ፦ በትራውማ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ወይም ኢኤምዲአር (ትዝታውን እያሰቡ ዓይንን በማንቀሳቀስ የሚሰጥ ሕክምና)፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ክፍለ ጊዜ። ባለሙያ ሲፈለግ «ትራውማ ላይ በምን ዘዴ ነው የሚሠሩት?» ብሎ ቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በማግስቱ ያ ፋይል ከስሙ ተነሥቶ ለሌላ ይተላለፍ። ለማን እንደተላለፈና ሥራው የት እንደደረሰ ግን ይነገረው፤ ካልተነገረው «በእኔ ምክንያት ቀረ» ብሎ በገዛ ስልኩ ከፍቶ ሊጨርሰው ይሞክራል።